ሽምግልና የመጣው የሮክ ባንድ

በሰው አገር እንግሊዝኛን ከጎረቤቱ በጥቂት የሚበልጥ ሰው እንደ ዕድር ድንኳን ነው። ለሠርግም ይፈለጋል፣ ለለቅሶም ይፈለጋል፤ ፀሐዩም ዝናቡም የሚወርደው በእሱ ላይ ነው፤ ሲመለስ ግን ተቀዶ ይመለሳል። ቀዳዳውን ማን ይስፋው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ደሴ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ላስ ቬጋስ ስመጣ ያ ሁሉ ግራመር የጠቀመኝ፣ በአንድ ሆቴል የግብዣ አዳራሽ ትሪ ተሸክሜ ስዞር «የሚጨመር አለ?» የሚለውን ያለ ስሕተት ለመጠየቅ ነው። ከሺፍት ስወጣ ግን የሕዝብ ንብረት ነኝ። መንጃ ፈቃድ የወደቀ፣ ጥርሱን ያመመው፣ ከአከራዩ የተጣላ ሁሉ «መምህር፣ አንዴ ብቅ በልልኝ» ይለኛል። ብቅ እላለሁ። ምን ይደረጋል?

በዚህ ሥራ ስቆይ የራሴን ፍልስፍና አበጀሁ። ጥሩ አስተርጓሚ የተባለውን ሳይሆን መባል የነበረበትን የሚናገር ነው እል ነበር። አንዲት እናትን ሐኪም ቤት ወስጃቸው «ይሄ ሐኪሙ ነው ወይስ የሐኪሙ ልጅ?» ሲሉኝ፣ ለሐኪሙ «በወጣትነትዎ ተደንቀዋል» ብዬ ሰላም ያወረድሁ ሰው ነኝ። ዋሸሁ? አልዋሸሁም። አለዘብሁ እንጂ። ይህ ፍልስፍናዬ እስካለፈው የፈረንጆች ገና ሰሞን ድረስ አንድም ቀን አላሳፈረኝም ነበር።

ጌታሁን የሚባል ጓደኛ አለኝ። ታክሲ ይነዳል፤ ማውንተንስ ኤጅ በሚባል ሰፈር ከባለቤቱ ከሰናይትና ከአንድ ልጁ ከሕሊና ጋር ይኖራል። ሕሊና ነርስ ናት። ኬቨን የሚባል የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወደደች፤ ኬቨንም ወደዳት፤ ሁለት ዓመት ተያይተው «እንጋባ» ተባባሉ። ጌታሁን ይህን ሲሰማ አልተቆጣም፤ ደንብ ብቻ አወጣ። ሽማግሌ ይላክ። ሦስት ሰው ይሁኑ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የተከበሩ። ቆመው ይጠይቁ፤ እሺ እስኪባሉ ድረስ ወንበር አይነኩም። ሁለቴ ሦስቴ ሳይመላለሱም እሺ አይባሉም። በመጨረሻም፣ ንግግሩ በአማርኛ ይሆናል።

ፈረንጆቹ አማርኛ ከየት ያመጣሉ ብዬ ስጠይቀው «ለእሱማ አንተ አለህ» አለኝ። ልብ በሉ፤ ጌታሁን ሃያ ዓመት ሙሉ የዓለም ሰካራም ሁሉ በየዘዬው እንግሊዝኛ ከኋላ ወንበር ሲያወራው የኖረ ሰው ነው። የእኔን ትርጉም እንኳን ሊፈልግ፣ ሊያርመኝም ይችላል። ይህንኑ ነገርሁት። «መስማት አለመስማት አይደለም ጉዳዩ» አለ። «ልጄን በእንግሊዝኛ አልድርም።»

አሁን ሰናይትን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ እሷ ይህ ወግ አይቆምም። ሰናይት አንድ ካዚኖ ውስጥ፣ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ጥቅምት ላይ ከሚውለው የሃሎዊን በዓል ማግስት ጀምሮ እዚያ ሱቅ ጣሪያ ላይ ያለው ስፒከር የገና ዘፈን ይለቃል። ከዘፈኖቹ መካከል አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ሲዞርባችሁ ይውልና እኔን ትረግማላችሁ። አንድ የሮክ ባንድ የሠራው፣ ቃጭል የሚበዛበት፣ አዝማቹ ላይ ሰው ሁሉ አብሮ የሚጮኽበት፣ ያ! ሰናይት በአንድ ሺፍት አሥራ አንድ ጊዜ ትሰማዋለች። ኦቨርታይም ከሠራች አሥራ አራት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ የሰናይት ጆሮ ግን ጨርሶ ጠላት ሆኖባታል። ዕቃ ስታጥብ አፏ ሳታዘው ዘፈኑን ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ያኔ በእርጥብ እጇ አፏን መታ ታደርገዋለች። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ አንድም የፈረንጅ ገና ቤቷ ውላ አታውቅም። የእኛን ገና ኦፍ ለማግኘት ደግሞ ሱፐርቫይዘሯን ከኅዳር ጀምራ ደጅ ትጠናለች።

ሽምግልናው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሆነ። በእኛ በኩል ጌታሁን፣ ሰናይት፣ እኔ፣ እንዲሁም ጋሽ ሰይድ ተቀመጥን። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ የሆቴል ሻትል ይነዳሉ፤ ቬጋስ ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሕሊና ፎቅ ላይ ናት፤ ደረጃው አናት ላይ ጆሮዋን ጥላ እንደተቀመጠች ግን ሁላችንም እናውቃለን። ኬቨን ሽማግሌዎቹን አምጥቶ፣ መኪናውን በር ላይ ፓርክ አድርጎ እውስጡ ቀረ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም ብላ ሕሊና አስጠንቅቃዋለች።

በሩ ተከፈተ። ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ።

አቶ ሬይ ረጅም ናቸው፤ ነጭ ፀጉራቸው ከኋላ ታስሮ ወገባቸው ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። አቶ ዳግ በዚያ ቤት ማሞቂያ ውስጥ የጥቁር ቆዳ ጃኬት ለብሰዋል፤ ቀለበት ያላጠለቁት አውራ ጣታቸው ላይ ብቻ ነው። አቶ ኤዲ አጭር ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ የተነቀሱት ንስር ከቆዳቸው ጋር አብሮ አርጅቶ ዶሮ መስሏል። ጌታሁን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሽማግሌ ላኩ አልን እንጂ ሽፍታ ላኩ አልን?» አለኝ። ጋሽ ሰይድ ሰምተው «ተው፣ ባሕታዊም ፀጉሩን አይቆረጥም» አሉት።

ሕሊና አሠልጥናቸው ኖሮ፣ በሰልፍ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ። በሦስተኛው ላይ የአቶ ዳግ ጉልበት ጮኸ። አቶ ሬይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ኬቨን አባቱ የሞተበት በዘጠኝ ዓመቱ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ እነሱ ሦስቱ ከእናቱ ጋር ተጋግዘው እንዳሳደጉት፣ ሕሊናን ለእሱ ለመለመን እንደመጡ ተናገሩ። እኔ በአማርኛ አሳመርሁት። «ልጃችንን ልጅ አድርጉልን፣ ልጃችሁን ልጅ እናድርግላችሁ» አልሁ። ጌታሁን ራሱን ነቀነቀ፤ ትርጉሜን ወደደ እንጂ ጥያቄውን ተቀበለ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የዘር ጥያቄ መጣ። የልጁ አባት በሕይወት ሳለ ሥራው ምን ነበር? ስሙስ በምን ይነሣል? ሕሊና ለአባቷ የነገረችው «ሙዚቃ ይጫወት ነበር» ብላ ብቻ ነው፤ እሱም «አዝማሪ ማለት ነው?» ብሎ ሳምንት ሙሉ ሲያስብበት ሰንብቷል። ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለስሁት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሦስቱም አንድ የሚደብቁት ነገር ያላቸው መሰሉ። አቶ ሬይ «እ... ዘፈን ይጽፍ ነበር» ብቻ አሉ።

በዚህ መሀል ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤት ስፒከሩን ከፈተ።

ይህ ጎረቤት በያመቱ ቤቱን ከጣሪያ እስከ ሣሩ በመብራት ይጠመጥመዋል፤ ደጁ ላይ በአየር የሚነፋ የበረዶ ሰው ያቆማል። በረሃ ላይ! ስፒከሩ ደግሞ ለሰፈሩ ብቻ ሳይሆን ለአጎራባቹ ግዛት ለአሪዞናም የታሰበ ነው። የመጀመሪያው ቃጭል ሲመታ የሰናይት ቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ። ያ ዘፈን ነው።

ሰናይት ያን ቀን ኦፍ ነበረች። ከስንት ልመና በኋላ ያገኘችው ኦፍ ነው፤ ለልጇ ሽምግልና። ፊቷ ተለዋወጠ። ሽማግሌ መኖሩንም ዘነጋች። ወደ መስኮቱ ዞራ፣ በአማርኛ፣ «ይሄን ዘፈን የሠራው ሰው ባለበት አይደላው! ከሞተም መቃብሩ ውስጥ ሌት ተቀን ይዝፈኑበት!» አለች።

ጌታሁን ዓይኑን ጨፈነ። አቶ ሬይ ግን ስለ ዘፈኑ እንደተባለ ገባቸውና «እመቤቲቱ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ፍልስፍናዬን መዘዝሁ። «ይህ ዘፈን በሕይወታቸው ትልቅ ስፍራ አለው» አልሁ። «የሠራውንም ሰው ሳያነሡት አይውሉም።»

እስቲ ፍረዱኝ፤ ከዚህ ውስጥ ሐሰቱ የቱ ነው?

የአቶ ሬይ ፊት በራ። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው «ሰማችሁ?» አሉ። ከዚያም፣ ሕሊና ስለዚህ ዘፈን አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ እንዳስማለቻቸው፣ ለምን እንደሆነ እንዳልገባቸው፣ ለካ በከንቱ እንደተሳቀቁ ነገሩኝ። በጣታቸው ወደ መስኮቱ እያመለከቱ «እኛ እኮ ነን! ይሄ እኛ ነን!» አሉ። «የጻፈው ደግሞ የኬቨን አባት ነው። ዛሬ ይህን ቢሰማ ምን ያህል ደስ ይለው ነበር!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከደረጃው አናት «ኦ ኖ» የሚል ድምፅ መጣ። ሕሊና ነበረች።

ይህን እንዴት አድርጌ ልተርጉመው? መተርጎምም አላስፈለገም፤ ሰናይት እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሕያው ሰው መርገም አንድ ነገር ነው፤ ይቅርታ ይባላል፣ ያልፋል። የሞተ ሰው፣ ያውም የሙት ልጁን አባት፣ ያውም ልጅህ ልታገባው በተዘጋጀችው ልጅ ሽማግሌዎች ፊት? ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? እውጭ ዘፈኑ አዝማቹ ላይ ደርሶ ሕፃናት አብረው ይጮኻሉ።

እኔ ሰበብ ፈልጌ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ ሰናይት ተነሣች። አቶ ሬይ ፊት ቆማ፣ በራሷ እንግሊዝኛ፣ ያለ አስተርጓሚ መናገር ጀመረች። «እሱ ያለዎትን አላልሁም» አለች። እሱ እኔ ነኝ። «መጥፎ ነገር ነው የተናገርሁት። ረገምሁት። መቃብሩን ረገምሁ። አላወቅሁም ነበር። ሱቅ ነው የምሠራው፤ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ እሰማዋለሁ። ይቅር በሉኝ።» እርግማኑንም አንድ ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ደገመችው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትርጉሟ ከእኔ ይበልጥ ነበር።

የአቶ ሬይ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብዬ ልደግፋቸው ስጠጋ፣ ለካ ሳቅ ነው! የበሩን መቃን ይዘው ሳቁ፤ አቶ ዳግም ሳቁ፤ አቶ ኤዲ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «መቃብሩ ውስጥ!» አሉ አቶ ሬይ። «እመቤቴ፣ እሱ ራሱ ከዚህ የከፋ ተናግሮታል! ታኅሣሥ ሲገባ ሱቅ አይገባም ነበር። አንዴ ወተት ሊገዛ ገብቶ ዘፈኑ ሲጀምር ጋሪውን እንዳለ ጥሎ ወጥቷል።»

እዚያው ቆመው የዘፈኑን ታሪክ ነገሩን። እኔም ለደንቡ ያህል እተረጉም ነበር፤ የሚያዳምጠኝ ግን አልነበረም።

ባንዱ ያኔ ስም የለውም። በመሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ በቁማር ማሽኖች መሀል ባለች አንዲት ትንሽ መድረክ ላይ ይጫወታሉ፤ የሚሰማቸው የለም፤ ሰዉ ሁሉ ማሽኑ ላይ አፍጥጧል። ለገና ቀን ኦፍ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ «በገና ቀን ሰው ይበዛል፤ ሁለት ጊዜ ትጫወታላችሁ» አላቸው። ኬቨን ያኔ የስድስት ወር ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያ ገናው ነው። እናቱ ምግብ ሠርታ ትጠብቃለች። አባቱ በዕረፍቱ ሃያ ደቂቃ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ጀርባ የአትክልት ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ለሚስቱ ይቅርታ የሚጠይቅ ወረቀት መጻፍ ጀመረ። ሳህኔን ክደኚልኝ፣ ልጁን ሳሚልኝ፣ ሺፍቴ ሲያልቅ እመጣለሁ የሚል ነገር ነው። ያ ወረቀት ነው ዘፈን የሆነው።

«ታዲያ ቃጭሉስ?» አለች ሰናይት። «ፈረስ በበረዶ ላይ የሚጎትተው ጋሪ ቃጭል ነው፣ አይደል?»

የለም፤ የምን የበረዶ ጋሪ! እዚያ መድረክ ላይ መጀመሪያ ሲጫወቱት ለአንድ ቁማርተኛ ከማሽኑ ብዙ ገንዘብ ወጣለትና የማሽኑ ደወል ያለማቋረጥ ጮኸ። ደወሉ ከዘፈኑ ምት ጋር ገጠመ። በኋላ በሐምሌ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው በተበላሸ ጋራዥ ውስጥ ሲቀዱት ያንኑ ደወል አስመስለው አስገቡት። አቶ ኤዲ ከበሮውን የመቱት እግራቸውን በረዶ የሞላው ባልዲ ውስጥ ነክረው ነው። ዓለም ሁሉ በረዶና አጋዘን የሚያስብበት ዘፈን፣ ለካ የቬጋስ ላብና የቁማር ማሽን ኖሯል።

ሰናይት ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጎረቤትየው ዘፈኑን ከመጀመሪያው መልሶ ለቆታል። ይህን ሁሉ ዓመት አዝማቹን እየጠላች ግጥሙን አንድም ቀን አልሰማችውም ነበር። አሁን ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችው። «ሳህኔን ክደኚልኝ...» አለች በአማርኛ፣ ለራሷ። «ይሄ እኮ ስለ ሥራ ነው። የሺፍት ዘፈን ነው።» ወደ ጌታሁን ዞረች። ጌታሁን የፈረንጅ ገና መጥቶ ታክሲ ሳይነዳ ውሎ አያውቅም፤ ከሺፍቷ ስትመለስ የእሱንም ሳህን ስንት ዓመት ከድናለች።

ከዚያ ሰናይት ዘወር ስትል ሦስቱ ሽማግሌዎች አሁንም እንደቆሙ ናቸው። አቶ ዳግ አንድ ጉልበታቸውን ከፍ አድርገው በአንድ እግር እንደ ሽመላ ቆመዋል። አሳዘኗት። «ውይ፣ በሞቴ!» አለች። «ተቀመጡ! ምን ያስቆማችኋል? ተቀመጡ እንጂ!» ብላ ወንበር ሳበችላቸው። እነሱም ተቀመጡ።

ጌታሁን ብድግ አለ። «ሰናይት! ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ተቀመጡ አልሻቸው እኮ! ልጅቷን ሰጠሽ!»

ሰናይት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሽማግሌዎቹ ከወንበሩ ይነሡ አይነሡ ግራ ገብቷቸው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። አቶ ኤዲ ግማሽ ተነሥተው አየር ላይ ቀርተዋል። «ምን ተባለ?» አሉኝ። በዚህ ጊዜ የእኔ ፍልስፍና ቤቱን ለቆ ጠፍቷል። የተባለውን እንዳለ ተረጎምሁ፦ «አባትየው ገና አልፈቀዱም፤ እናትየው ግን በስሕተት ፈቅደዋል።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረ። ጋሽ ሰይድ ፂማቸውን ዳሰሱ። ጌታሁን «ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ይፍረዱ። ሦስቴ ሳይመላለሱ ይሆናል?» አላቸው።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ «የእነዚህን ሰዎች ጉልበት አይተኸዋል? ሦስቴ ብታመላልሳቸው ለሠርጉ አይደርሱም። ደግሞስ ምን ጎደለ? አባቱ ማን ነበር ብለህ ጠየቅህ። በበዓል ቀን ሥራ ላይ ሆኖ ቤቱን የሚያስብ ሰው ነበር ተባልህ። ከዚህ በላይ ምን ዘር ትቆጥራለህ? አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ደግሶልሃል፤ ተቀበል።»

ጌታሁን መስኮቱን አየ፣ ሰናይትን አየ፣ ደረጃውን አየ። ሕሊና እስከ ግማሽ ወርዳ፣ እጇን እንደ ጸሎት አጣምራ «ዳዲ፣ ፕሊስ በናትህ» ትላለች። ጌታሁን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «እንግዲህ ከተቀመጡ...» አለ፣ ሌላም ነገር ሊጨምር ነበር፤ ሰናይት እልል ስትል ቀሪው ሳይሰማ ቀረ።

እኔ ወንበሬ ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተጣጥፌ ቀረሁ። እንዲህ ያለ እፎይታ የተሰማኝ የቪዛ ዕጣ የደረሰኝ ቀን እንኳ አይመስለኝም። ለካስ የእኔ ማለዘብ ነገሩን ሊያፈርሰው ነበር፤ የሰናይት እውነት ነው ያቆመው። ሰናይት በአጠገቤ ስታልፍ ጀርባዬን መታ አድርጋ «አይዞህ፣ አንተም ለደጉ ብለህ ነው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተባለውን ብቻ ነው የምተረጉመው። ደንበኞቼ ቀንሰዋል።

ኬቨን ተጠራ። ልጁ መኪና ውስጥ ሆኖ የመስኮቱን መንቀጥቀጥና የእናትየውን ጩኸት ሲሰማ «አበቃልኝ» ብሎ ነበር፤ እልልታውን ደግሞ ለቅሶ ነው ብሎ ነው የተረዳው። ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ሰናይት አንገቱን ይዛ ሦስቴ አገላብጣ ስትስመው እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። «አባትህን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ» አለችው። ምን እንደሆነ አልገባውም፤ «ቴንክ ዩ» አለ። የምስር ሳምቡሳ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ለሃያ ሰው የተሠራውን ሳምቡሳ ለሦስት ጨረሱት፤ ቆሞ መለመን ያስርባል።

ወደ አመሻሹ ላይ ልሸኛቸው ወጣሁ። ጎረቤትየው መሰላል ላይ ወጥቶ የጠፋ አምፖል ይቀይራል፤ ዘፈኑ አሁንም እየጮኸ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቆም ብለው ሲሰሙ አየና ከመሰላሉ ላይ ሆኖ በኩራት ያስረዳቸው ጀመር። ይህ ዘፈን፣ አለ፣ በሰሜን በኩል፣ በረዶ በዘጋው የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ ምድጃ ዳር የተጻፈ ነው። ቃጭሉም እውነተኛ የፈረስ ቃጭል ነው። እንዲህ ያለ ባንድ ከእንግዲህ አይመጣም። ያሳዝናል፣ ሁሉም ሞተው አልቀዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

«አሜን» አሉ አቶ ሬይ።

ሰውዬው አምፖሉን ጠምዝዞ አበራውና፣ አንድ ነገር የረሳ ይመስል ቀና አለ። «በርግጥ» አለ፣ «ከበሮ መቺያቸው ደካማ ነበር ይባላል።»

አቶ ኤዲ ቀጥ ብለው ቆሙ። አቶ ሬይና አቶ ዳግ ግን በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ ባንድ አፍ «እሱስ እውነት ነው» አሉ።